በስሜ የተመዘገበ አክታ

አምቦ ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ አይጥ ካልበላው ወይም ከአሮጌ ወረቀት ጋር ካልተቃጠለ፣ በስሜ የተጻፈ ካርድ አለ። ካርዱ የሳንባ ነቀርሳ እንደተገኘብኝ፣ መድኃኒት ጀምሬ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላኝ እንደጠፋሁ ይናገራል። መጥፋቴ እውነት ነው። በሽታው ግን የኔ አልነበረም። የማን እንደነበረ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ቀን ቀን ወፍጮ ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። መጽሐፍ የምገዛበት ስላልነበረኝ የማነበው ከሱቅ ስኳርና ጨው ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ወረቀት ነበር። ባለሱቁ ዓመሌን ስላወቀ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት እየመረጠ ይጠቀልልልኛል። ታሪኩ ሁልጊዜ ከመሐል ጀምሮ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ የቀረውን ራሴ እሞላዋለሁ። በዚህ ዓይነት ብቻዬን ስለተማርኩ ራሴን ከማንም በላይ አዋቂ አድርጌ እቆጥር ነበር። ሰው የማያየውን አያለሁ እል ነበር። በእርግጥም አይ ነበር፤ ያየሁትን ምን እንዳደረግኩበት ነው የሚያሳፍረኝ።

አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖረው ከቡድናችን ዘፋኝ ጋር ነው። ከሸነን የመጣ፣ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ፣ ደረተ ሰፊ ልጅ ነው። እቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር ዋናው መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ይቆማል። አንዱን ስንኝ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ አይታወቅም። ክፍላችን አንዲት መስኮት ነበረቻት፤ ብርድ ታስገባለች ብለን በጋዜጣ ለጥፈናት ነበር። አንድ ኩባያ ነበረን። አንድ ብርድ ልብስም እንዲሁ።

ውድድር መጣ። የአውራጃው የኪነት ቡድኖች ሁሉ አምቦ ላይ ተሰብስበው ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈው አዲስ አበባ ሄዶ ያሳያል ተባለ። ለውድድሩ የተመረጠው የኔ ግጥም ነበር። ጓደኛዬ ዜማ አውጥቶለት ዘፈን አድርጎታል።

ጉደር ሞልቶ መጣ፣ ድልድዩን አራሰው፣
ማዶ የቆመውን ማን ነው የሚያደርሰው።

የቡድኑ ኃላፊ መጀመሪያ ሲሰማው ራሱን ነቀነቀ። «ጓድ ገጣሚ፣ ቆንጆ ነው። አብዮቱ የት አለ?»

«ማዶ የቆመው እሱ ነው» አልኩት።

ጓደኛዬ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ከበሮው ዞረ። ማዶ የቆመችው ሰኞ ሰኞ እህል ልታስፈጭ የምትመጣ ልጅ መሆኗን ያውቃል። ኃላፊው ግን አመነ፤ ወይም ማመን ቀለለው። ዘፈኑ ጸደቀ።

ከዚያ በፊት ቃሌን ከአሥር ሰው በላይ ሰምቶት አያውቅም ነበር። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሊሰማው ነው። ይህን የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ቀጥሎ ያደረግኩት ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

በዚያው ሰሞን ሳል ያዘኝ። ደረቅ ሳል ነው፤ የወፍጮው ዱቄትና የክረምቱ ብርድ ተባብረው ያመጡት መሰለኝ። ሦስት ሳምንት አለቀቀኝም። ቡድኑ ከውድድሩ በፊት አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ እያደረ እንዲለማመድ ስለተወሰነ ኃላፊው ጠራኝ።

«አንተ ስትስል ከበሮው ምት ይስታል።»

«ብርድ ነው ጓድ።»

«ብርድ መሆኑን ወረቀት ይንገረኝ። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሰው ነው ጎን ለጎን የሚተኛው። ጤና ጣቢያ ሂድና ከሳንባ በሽታ ነጻ ነው የሚል ይዘህ ና። አለዚያ ግጥምህ ይገባል፣ አንተ ውጭ ትቀራለህ።»

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበሉኝ ሁሉም ሰው ዶክተር የሚላቸው ሸምገል ያሉ ድሬሰር ናቸው። ጀርባዬን አዳመጡና ክዳን ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ሰጡኝ።

«ምራቅ እንዳታመጣልኝ» አሉ። «ምራቅ የሚያመጣልኝ ሞልቷል። ጠዋት እንደነቃህ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ ከደረትህ ሥር የወጣውን ነው የምፈልገው። ሦስት ጠዋት ታመጣለህ።»

«እሺ ዶክተር።»

በማግስቱ ጠዋት አጥር ጥግ ቁጢጥ ብዬ ሳልኩ፤ ሳልኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከምራቅ በቀር የወጣ ነገር የለም። ሳሌ ደረቅ ነው። ለጓደኛዬ የነገርኩት ይህን ብቻ ነው። ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነበር፤ እሱን አልነገርኩትም። በልጅነቴ አንዲት ጎረቤታችን ይህ በሽታ ይዟት ነበር። የራሷ የቆርቆሮ ኩባያ ነበራት፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ሰው በደጃፏ ሲያልፍ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ይስባል። እናቴ እንኳ ሰላም የምትላት ከአጥር ውጭ ሆና ነበር። ያ ክር ከዓይኔ ጠፍቶ አያውቅም። ቆርቆሮዋን ሞልቼ ብወስድና «አለብህ» ብባል እኔም ከነግጥሜ ከአጥር ውጭ ሰላም የምባል ልሆን ነው።

ጓደኛዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ የጠዋት ሲጋራውን ሲያቀጣጥል ጠየቅሁት።

«አንተ፣ ጠዋት ጠዋት አክታ አለህ አይደል?»

«ሞልቶኝ! ምነው፣ ልትገጥምለት ነው?»

«ለኔ አልወጣ አለኝ። የኔ ደረቅ ነው። እዚህች ላይ ትንሽ ብታደርግልኝ...»

ቆርቆሮዋን አየ፤ እኔን አየ። «በአንተ ስም?»

«ጤነኛ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ? በሬ ነኝ እንጂ! ይሄ የሲጋራ ነው።» ከዚያ ሳቁ መጣ። «ይሁን። ግጥምህን ሰጥተኸኝ ዘፈን አደረግኩት። አክታዬን ልስጥህና አንተ ምን እንደምታደርገው እናያለን።»

ሦስት ጠዋት እንዲሁ ሆነ። ቆርቆሮዋን በሞላ ቁጥር እንደ ጠጅ ብርሌ ከፍ ያደርጋትና «ለገጣሚያችን ጤና!» ይላል። እኔም እየሳቅሁ ክዳኗን ገጥሜ በጋዜጣ ጠቅልዬ እወስዳለሁ።

በአራተኛው ቀን ድሬሰሩ በሩን ዝጋ አሉኝ። ተቀመጥ አሉኝ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉት።

«ተገኝቶብሃል» አሉ። «አትደንግጥ። ድሮ ነው ይህ በሽታ ሰው የሚገድለው። አሁን መድኃኒት አለው። ጀርም ነው፤ ሳንባ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ የሚበላ ጀርም። መድኃኒቱም እንደሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ ከዓመት በላይ ክኒን። ተሻለኝ ብለህ መሐል ላይ ካቋረጥክ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ያን ጊዜ እኔም አላድንህም። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ሰምቻቸዋለሁ። ያንን ሁሉ ያሉት ስለሌላ ሰው ሳንባ እንደሆነም አውቃለሁ። የልጁ ሸሚዝ ጠዋት ጠዋት በላብ ርሶ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንደገባ አይቻለሁ። ላቡንማ «ጤዛ» ብዬ አንድ ግጥም ውስጥ አስገብቼው ነበር። ስጽፈው ቆንጆ መስሎኝ ነበር።

ድሬሰሩ እስክሪብቶ አነሱ። «ከማን ጋር ነው የምትኖረው? አብሮህ የሚተኛ ሰው አለ? ካለ አምጣው፣ እሱም ይመርመር።»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ያን ዓረፍተ ነገር ከተናገርኩ ዘፋኙ ከውድድሩ ይወጣል፤ ዘፈኑም አብሮት ይወጣል። አክታ መለወጤም ይታወቃል።

«ብቻዬን ነው የምኖረው» አልኩ።

ጻፉት። ቀበሌዬን ሲጠይቁኝም የሌላ ቀበሌ ቁጥር ሰጠኋቸው። ወዲያው የመጀመሪያውን መርፌ ወጉኝ፤ የሳምንት ክኒን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ከጤና ጣቢያው ስወጣ መላ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ይህ ከሁሉም በላይ ያሳፍረኛል፤ በራሴ ብልሃት ተደስቼ ነበር። መርፌውን እኔ እወጋለሁ፤ ያን ካላደረግኩ ክኒኑን አይሰጡኝም። ክኒኑን ደግሞ እሱ ይውጣል። ግማሽ መድኃኒት ከምንም ይሻላል፤ ውድድሩ እስኪያልፍ ያቆየዋል፤ ከዚያ እነግረዋለሁ። ድሬሰሩ ስለማቋረጥ የተናገሩትን ከዚህ ጋር አላያያዝኩትም። ወይም አያይዤው ነበር፤ ግን ሳልጨርሰው ተውኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ ጓደኛዬ ክኒኑን በመዳፉ ላይ እያንከባለለ።

«ቫይታሚን ነው። ለደረት ጥሩ ነው አሉኝ። ለድምፅም።»

«የአንተ ውጤትስ?»

«ብርድ ነው አሉ።»

«ታዲያ! የበሬ አክታ ይዘህ ሄደህ ምን ሊሉህ ነበር?» ክኒኑን ከጥሬ እንቁላሉ ጋር ዋጠው። ዘፋኝ ጥሬ እንቁላል ይጠጣል የሚል እምነት ነበረው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫይታሚኑም ተጨመረበት። ብረሳ እንኳ ራሱ ያስታውሰኛል። «አንተ ገጣሚ፣ መድኃኒቴን» ይላል ለቀልድ። መድኃኒት መሆኑን ሳያውቅ መድኃኒት ብሎ የሚጠራው እሱ ነው።

የኔ ሳል በራሱ ጊዜ ሄደ። ኃላፊው ሳል ካልሰማ ወረቀት የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቀን «እንዴት ሆነ?» አለኝ፤ «ነጻ ነኝ፣ ማኅተም የሚያደርገው ሰው ስለሌለ ነው» አልኩት፤ በዚያው አለፈ። ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤት ከመግባቴ በፊት መርፌ እወጋለሁ። መቀመጫዬ ስለሚያብጥ ኬሻ ላይ ስቀመጥ በአንድ ጎኔ ነው። ሕመሙን ቅጣቴ አድርጌ ቆጠርኩት፤ ስለተቀጣሁ ደግሞ የከፈልኩ መሰለኝ። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጮህ ጀመረ። ዛሬም አልተወኝም። ጤነኛ ሰው የማይገባውን መድኃኒት ሲወስድ የሚያገኘው ይህ ነው ብለው በኋላ ነገሩኝ።

አዳራሹ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ሠላሳ ሰው ሆነን ተኛን። መስኮቶቹ ዝግ ነበሩ። ጓደኛዬ መሐል ላይ ነበር የሚተኛው፤ ሁሉም ከእሱ አጠገብ መሆን ስለሚፈልግ። ከእነዚያ ሰዎች ማን ምን እንደሆነ አላውቅም። ከተበታተንን በኋላ አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም።

ጓደኛዬ ተሻለው። ላቡ ቀረ፤ ቀበቶው ወደ ቀድሞ ቀዳዳው ተመለሰ። በውድድሩ ቀን የዘፈነውን አሁንም እሰማዋለሁ፤ ከሚጮኸው ጆሮዬ ጋር ተደባልቆ። «ማን ነው የሚያደርሰው» የሚለውን ሦስት ጊዜ ሲመልሰው የጉደርም የግንጪም ቡድን ተነስቶ አጨበጨበ። አንደኛ ወጣን። ኃላፊው አቀፈኝ። ጓደኛዬ መድረክ ላይ ጎትቶ አወጣኝና «ይሄ ነው የጻፈው!» አለ። ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሳ መቀመጫዬን አመመኝ።

ከውድድሩ በኋላ እነግረዋለሁ ብዬ አልነበር? አልነገርኩትም። ድኗል ብዬ ወሰንኩ። ጤና ጣቢያ መሄዴን ተውኩ።

«ቫይታሚኑስ?» አለኝ ከጥቂት ቀን በኋላ።

«አለቀ።»

«አምጣ እንጂ ታዲያ። ተስማምቶኝ ነበር እኮ።»

«ከእንግዲህ አያስፈልግህም።»

የአዲስ አበባው ጉዞ ለጥቅምት ተባለ፤ ለታኅሣሥ ተባለ፤ በዚያው ቀረ። ይህን ሁሉ ያደረግኩለት ነገር አልሆነም።

በዚያ በጋ ሳሉ ተመልሶ መጣ፤ የድሮው ሳል አልነበረም። ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ምግብ ጠላ። ሲዘፍን ስንኙን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንድ ትንፋሽ አልበቃ አለው። «ብርድ መቶኝ ነው፣ እናቴ ጋ ሄጄ ትንሽ ልረፍ» አለና ብርድ ልብሱን ትቶልኝ ወደ ሸነን ሄደ። መኪናው ከዓይኔ ሲጠፋ ወደ ክፍሌ ተመለስኩና መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር የመስኮቱን ጋዜጣ መቅደድ ነበር። ከዚያ ኩባያችንን በአመድ አሸሁት፤ በፈላ ውሃ አጠብኩት፤ ደግሜ አጠብኩት። ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ለራሴ ሲሆን ምን መደረግ እንዳለበት በደንብ አውቅ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ገበያ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ደብዳቤ አመጣልኝ። ጽሑፉ የራሱ ነው፤ ወደ ታች ያዘቀዝቃል።

«አንተ ገጣሚ፣ እንዴት ነህ? እኔ ሳንባ ነው ተብዬ መርፌ ጀምሬያለሁ። መቀመጫዬ ወንፊት ሆኗል። ሁለት ወር ተወግቼም ብዙ አልተሻለኝም። እዚህ ያለችው ሲስተር ግራ ገብቷታል። ከዚህ በፊት የሳንባ መድኃኒት ወስደህ ታውቃለህ ወይ ብላ ሦስቴ ጠየቀችኝ። የጓደኛዬን ቫይታሚን ብቻ ነው የወሰድኩት ስላት ሳቀች። አንተስ ምን ጻፍክ? ላክልኝ፣ እዚህ የሚነበብ የለም።»

ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። የምጽፍለት መልስ አንድ መስመር ነበር። ሲስተሯ ትክክለኛውን መድኃኒት እንድትመርጥ የሚያስፈልጋት እኔ የማውቀው ነገር ነው፤ በየቀኑ ደግሞ የማይሠራ መርፌ ትወጋዋለች። ይህ ገብቶኝ ነበር። ተቀምጬ ግን ግጥም ጻፍኩ። ስለ መንገድ፣ ስለ ናፍቆት። ሁለት ገጽ። ለሾፌሩ ልሰጠው ስሄድ ሾፌሩ «ያ ልጅ እኮ ከስቷል፣ እናቱ ደግፈው ነው ወደ ፀሐይ የሚያወጡት» አለኝ። ግጥሙን መልሼ ኪሴ ከተትኩና ጭነቱ ላይ ወጣሁ።

እናቱን ከቤታቸው በር ላይ አገኘኋቸው። «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» አሉና ሁለቱን ጉንጮቼን ሳሙኝ። «ስምህን ሲጠራ ነው የሚውለው።» ወደ ውስጥ ገባሁ። ጓደኛዬ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ያ ሰፊ ደረቱ በሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። ሊነሳ ሲሞክር ሳል ያዘው። እናቱ ወተት አመጡ። የኔ በብርጭቆ፣ የሱ በቆርቆሮ ኩባያ ነው። እጀታው ላይ ክር ታስሯል፤ ይኸኛው ጥቁር ነበር።

እናቱ ሲወጡ ነገርኩት። ማስዋብ ስለምችል እንዳላስውብ ወለሉን እያየሁ ነው የነገርኩት። አክታው የሱ፣ ስሙ የኔ። መርፌው ለኔ፣ ክኒኑ ለሱ። ቫይታሚን አልነበረም።

ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከውጭ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«ታውቅ ነበር?» አለ።

«አውቅ ነበር።»

«መድረኩ ላይ ሳወጣህም?»

«ያኔም።»

ወተቱን አንስቶ ጠጣና አፉን ጠረገ። «እኔ ደግሞ አንተን ነበር የማዝንልህ» አለ። «ብርድ ነው ብለው ሲመልሱህ፣ ምናልባት የኔ አክታ በሽታህን ደብቆት ይሆናል፣ ምስኪን እያልኩ...» አልጨረሰውም። ከዚያ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣለ። «ተነስ። ሲስተሯ ከምሳ በኋላ አትገኝም።»

ክሊኒኩ ቅርብ ነው፤ እሱ ግን ሦስት ጊዜ ቆመ። ልደግፈው ስል ክንዱን አልሰጠኝም፤ በኋላ ዳገቱ ላይ ሰጠኝ። ሲስተሯ ወጣት ናት፤ ከኔ ብዙ አትበልጥም። ጓደኛዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው ቆምኩ።

«ሲስተር፣ ዋሽቼሻለሁ» አላት። «መድኃኒት ወስጄ ነበር። ክኒኑን ብቻ፣ ከወር በላይ፣ ያለ መርፌ። ከዚያ አቋረጥኩ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሦስት ጊዜ ጠይቄህ! ማነው እንደዚያ አድርጎ የሰጠህ? የትኛው ሐኪም ነው?»

መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ በሩ ተከፈተልኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ሲስተሯ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምራቄን ዋጥኩ።

«ሐኪም አይደለም» አለ ጓደኛዬ። «ከገበያ ነው የገዛሁት። ለድምፅ ይጠቅማል ብለውኝ።»

«ወይ የናንተ ነገር!» አለች። ካርዱ ላይ የነበረውን ሰርዛ ሌላ ጻፈች። እሷ ያላት መድኃኒት ለሱ እንደማይሆን፣ ጀርሙ እንደለመደው፣ አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ሌላ መድኃኒት እንዳለ፣ የመላኪያ ወረቀት እንደምትሰጠው ነገረችው። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሊጻፍ ይችል የነበረ ወረቀት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። አዲስ አበባ ብዙ ወራት ተኝቶ ዳነ። አንዱ ሳንባው ተኮማትሮ ቀርቷል ይላሉ። አሁን ሸነን ላይ ትንሽ ሱቅ አለው። ዳገት ሲወጣ ይቆማል፤ ንግግሩን አጭር አጭር አድርጎ ነው የሚናገረው፤ አይዘፍንም። ስኳር ስገዛ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ይመርጥልኛል። ለእናቱ እስካሁን አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ አሁንም ስሄድ ጉንጬን ይስሙኛል።

ያን ቀን ግን ሲስተሯ ገና አልጨረሰችም ነበር።

«አምቦ ስትኖር ከማን ጋር ነበርክ?»

ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝ። «ከዚህ ጋር» አላት። «አንድ ክፍል ውስጥ። አንድ ብርድ ልብስ።»

«ታዲያ እሱስ ተመርምሯል?»

«ተመርምሬያለሁ» ለማለት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ጓደኛዬ ዓይኑን ከኔ አላነሳም። «አልተመረመርኩም» አልኩ።

ሲስተሯ ከመሳቢያዋ ክዳን ያላት ትንሽ ቆርቆሮ አውጥታ ሰጠችኝ። «ዛሬ አንድ ስጠኝ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ። ከቤቱ ጀርባ ሂድ። ምራቅ አይደለም፣ ከሥር ነው።»

ከክሊኒኩ ጀርባ ባሕር ዛፍ አለ። ከሥሩ ቁጢጥ ብዬ ሳልኩ። ደጋግሜ ሳልኩ። ደረቴ ባዶ ነው፤ ጉሮሮዬ ተላጠ፤ ምንም አልወጣም። ጓደኛዬ ከግድግዳው ማዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል።

«አንተ ገጣሚ!» አለ።

«ምን?»

«የኔን ልስጥህ?»

ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም ብዙ ቆየ። እስኪያበቃ ድረስ ቆርቆሮዋን በሁለት እጄ ይዤ ቁጢጥ እንዳልኩ ጠበቅሁ።